48% አግብተን እንዴት ተሸነፍን? ተርንኦቨር የሚገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ

የቦሌ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ሜሪላንድ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ባስኬት ይጫወታል፣ ዲቪዥን 3 (የትንንሽ ኮሌጆች ደረጃ) ነው፣ የኮሌጁን ስም ልተወው ልጁ ካየብኝ ደግሞ አያናግረኝም። ፖይንት ጋርድ ነው፣ ኳሷን ከኋላ ይዟት የሚመጣው እሱ ነው። ቅዳሜ ሄጄ አየሁት፣ 71 ለ 65 ተሸነፉ። እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው ባስኬት ላይ እስከዚህም ነኝ፣ ግን ጨዋታው እንዳለቀ ድረገጻቸው ላይ የሚለጥፉትን ቦክስ ስኮር (የጨዋታው ቁጥር ሁሉ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ) ከፍቼ ሳየው ግራ ገባኝ። እኛ ከ 50 ሙከራ 24 አግብተናል፣ 48% ማለት ነው። እነሱ ከ 66 27፣ 41% ነው። ባለ ሶስቱ እኛ 6 እነሱ 7፣ ፍሪ ትሮው (ፋውል ሲሰራብህ የምትመታው) እኛ ከ 15 11 እነሱ ከ 14 10፣ እሱ እንኳን ያው ነው በለው። እኛ እያገባን እነሱ እየሳቱ እንዴት ነው 6 ነጥብ የሚበልጡን?

ልዩነት ያየሁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ኦፌንሲቭ ሪባውንድ (ራስህ ስተህ መልሰህ የምትይዘው ኳስ) 7 ለ 13 እና ተርንኦቨር (ሳይሞክሩ ኳሷን ለተጋጣሚ ማስረከብ) 19 ለ 9። ከ 19ኙ 7ቱ የኛ ልጅ ናቸው። መኪና ውስጥ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ትንፍሽ አላለም፣ ቤት ሲገባ እናቱ የሰራችለትን ዱለት ሳይነካ ተኛ፣ ዱለት እኮ ነው የምላችሁ፣ እሷ ደግሞ ልጄን አሞታል ብላ በሌሊት ለኔ ትደውላለች።

ጥያቄዬ ይሄ ተርንኦቨር የሚሉት ነገር እውነት እንደዚህ ነው እንዴ የሚጎዳው? ምክንያቱም ቲቪ ላይ ትልልቆቹ ኮሌጆች 14 15 ጊዜ ኳስ አበላሽተው ሲያሸንፉ አያለሁ። ለልጁ የምለው ነገር ስጡኝ።

ዝም ያለ ተመልካች

ዱለቱ ተርፏል እንዴ? አድራሻ ላክ

ቁጥር ሲቆጠር

ወንድሜ መልሱ እኮ ራስህ የጻፍከው ውስጥ ነው ያለው። ፐርሰንቱን ተወውና 50 እና 66 የሚለውን እይ። 16 ሙከራ በልጠውሃል። 16ቱ ከየት መጣ? ከተርንኦቨሩ 10 ከሪባውንዱ 6፣ ደምረው።

ባስኬት ላይ ሁለቱ ቡድኖች ኳስ የሚይዙት በየተራ ስለሆነ ፖሰሽኑ (ኳስ የሚያዝበት ተራ) ሁሌም እኩል ነው፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ቢለያይ ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሙከራውን ትወስዳለህ፣ ኦፌንሲቭ ሪባውንዱን ትቀንሳለህ፣ ተርንኦቨሩን ትደምራለህ፣ ከፍሪ ትሮው ደግሞ ግማሽ የሚጠጋውን (ኮሌጅ ላይ 0.475 ነው የሚጠቀሙት) ትጨምራለህ። የእናንተ 50 ሲቀነስ 7 ሲደመር 19 ሲደመር 7፣ 69። የነሱ 66 ሲቀነስ 13 ሲደመር 9 ሲደመር 7፣ እሱም 69። አየህ? ሁለታችሁም 69 ጊዜ ኳስ ይዛችኋል። እናንተ ግን ከ 69ኙ 19ኙን ቀለበቱን እንኳን ሳታዩት መለሳችሁላቸው። 50 ቀራችሁ፣ በ 50ዋ 65 አገባችሁ፣ በአንዱ 1.3 ነጥብ ማለት ነው፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። እነሱ ያላበላሹት 60 ነው፣ በሱ 71 አገቡ፣ 1.18። ማለትም ኳሷ እጃችሁ ላይ እስከቆየች ድረስ እናንተ ትበልጣላችሁ! 19ኙ 13 ቢሆን ኖሮ 6 ፖሰሽን በ 1.3 ስታባዛው ወደ 8 ነጥብ ነው፣ 73 ለ 71 ዱለቱም ይበላ ነበር። (እርግጥ ይሄ በወረቀት ነው፣ ሜዳ ላይ አንዱ ሲቀየር ሌላውም ይቀየራል።)

ሁለተኛው ነገር ዓይነቱ ነው። ተርንኦቨር ሁሉ አንድ አይደለም። አንተ የእግር ኳስ ሰው ስለሆንክ እንዲህ ልበልህ፣ ተከላካይህ ኳሷን ወደ ውጪ ቢመታት የእጅ ውርወራ ነው፣ ተመልሰህ ትደራጃለህ። የራሱ ሳጥን ጫፍ ላይ ከተነጠቀ ግን በረኛው ብቻውን ቀረ። ባስኬትም እንደሱ ነው። ኳሷ ወደ ውጪ ብትወጣ፣ ትራቭሊንግ (ኳሷን ሳያነጥሩ መራመድ) ቢነፋብህ፣ ለመሞከር የሚሰጥህ 30 ሰከንድ ቢያልቅብህ፣ ጨዋታው ይቆማል፣ አምስታችሁም ወደኋላ ትመለሳላችሁ። ይሄ ሞተች የሚባለው ነው። ስትነጠቅ ወይም ፓስህ ሲጠለፍ ግን ኳሷ ሕያው ናት፣ ያንተ ልጆች ፊታቸው ወደ ፊት ነው፣ እነሱ ደግሞ ሁለት ለአንድ ሌይአፕ (ቅርጫቱ ስር ደርሶ የሚገባ ቀላል ኳስ) ይሄዳሉ። ያኛው አንድ ሙከራ ያስቀርብሃል፣ ይሄኛው ሙከራህንም ይወስድብሃል ለነሱም በነጻ ይሰጣቸዋል፣ ሂሳቡ ደብል ነው።

14 15 እያበላሹ ያሸንፋሉ ላልከው፣ ቁጥሩን ብቻውን አትየው። ቶኒ ቤኔት የነበረበት ቨርጂኒያ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚጫወተው፣ በጨዋታ 60 ፖሰሽን አካባቢ። የሮይ ዊሊያምስ ኖርዝ ካሮላይና ደግሞ ይሮጣል። በ 60 ፖሰሽን 10 ያበላሸ እና በ 75 ፖሰሽን 12 ያበላሸ ብታወዳድር 12ቱ ነው የሚሻለው። ስለዚህ በመቶኛ ነው የሚታየው። ዲቪዥን 1 ወንዶች በአማካይ ከ 100 ፖሰሽን ወደ 17 18 ያበላሻሉ፣ እናንተ ከ 100 ወደ 28 ነው የሄዳችሁት። ዲን ኦሊቨር የሚባል የባስኬት ቁጥር አባት አለ፣ ማሸነፍን በአራት ነገር ከፍሎ ክብደት ሰጥቶታል፣ ኳስ ማግባት 40%፣ ተርንኦቨር 25%፣ ሪባውንድ 20%፣ ፍሪ ትሮው 15%። እናንተ አንደኛውን አሸንፋችሁ ሁለተኛውና ሶስተኛው ላይ ተዘረፋችሁ።

ጋሽ ፓርኪንግ

ልጆች እንደምን ናችሁ። ቁጥሩን ላወቀ ይሁንለት፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በፈረንጅ በ 1982 መጋቢት፣ እኛ አዳምስ ሞርጋን አንድ አፓርታማ ውስጥ ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው፣ ቀን ፓርኪንግ ማታ ሬስቶራንት፣ ቲቪያችን አንቴናዋ በኮት ማንጠልጠያ የተተካ ነበር። ባስኬት ምን እንደሆነ ሳይገባን የጆርጅታውን (የዲሲው ዩኒቨርሲቲ) ደጋፊ ሆንን፣ አንደኛ እዚሁ ሰፈራችን ናቸው፣ ሁለተኛ ጆን ቶምሰን ያ ግዙፍ ጥቁር አሰልጣኝ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲቆም የኛ ሰው ይመስለናል፣ ሶስተኛ ስማቸው ሆያስ ሲባል እኛ ሆያ ሆዬ እያልን ነበር የምንጨፍረው፣ ቡሄ በመጋቢት።

የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜው ሰኞ ማታ ነው፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር። ያ ያኔ ማንም የማያውቀው አንደኛ ዓመት ልጅ ማይክል ጆርዳን 20 ሰከንድ እንኳን ሳይቀር አገባና 63 ለ 62 ሆነ። ምንም አይደለም ኳሷ የኛ ናት፣ አንድ ቅርጫት ብቻ ነው የሚያስፈልገን። ፍሬድ ብራውን የሚባል ጋርድ ይዟት መጣ፣ ቆመ፣ ወደዚህ አየ ወደዚያ አየ፣ ከዛ ቀኝ ጎኑ አንድ ሰው ያለ መሰለውና አቀበለው። ጄምስ ወርዚ ነው! የነሱ ሰው! ወርዚ ኳስ ሊነጥቅ ዘሎ ስቶ ቦታው ያልሆነ ቦታ ስለቆመ ልጁ የራሱ ጓደኛ መስሎት እጁ ላይ አስቀመጠለት። ወርዚ ራሱ ደንግጦ ነው ይዞ የሮጠው። ከኛ አንዱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማልያ ተለዋውጠው ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልሳቀም። በቃ በዛው አለቀ።

ግን ልጄ ላንተ የምነግርህ ይሄን አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ ቶምሰን ያን ልጅ ሜዳው መሀል አቀፈው። አልጮኸበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ 1984 ጆርጅታውን ሂዩስተንን 84 ለ 75 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ፍሬድ ብራውን አሁንም ቡድኑ ውስጥ ነበር፣ ቶምሰን አሁንም አቀፈው። ስለዚህ ለእህትህ ልጁ አልታመመም በላት።

ሊያ 11

ጋሼ እንባዬን አመጡት።

እኔ ሪችመንድ አካባቢ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ ያውም ፖይንት ጋርድ፣ ስለዚህ የዱለቱ ነገር በደንብ ይገባኛል። እኛ የደረስነው ደግሞ መጥፎ ጊዜ ላይ ነው፣ ቪሲዩ (እዛው ሪችመንድ ያለ ዩኒቨርሲቲ) በ 2011 በአሰልጣኝ ሻካ ስማርት ከመጀመሪያው ማጣሪያ ተነስቶ ፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት) ገብቶ የስቴቱ ኮች ሁሉ አብዶ ነበር፣ እንደነሱ ሀቮክ ሀቮክ እያለ ሙሉ ሜዳ ፕረስ (ከጫፍ እስከ ጫፍ ኳስ ያዡን ማስጨነቅ) የማያደርግ ቡድን አልነበረም። ኳስ ከመስመር ስትቀበይ ሁለት ሰው ፊትሽ ነው።

ወንድም እስቲ ቪድዮ ካለህ ልጁ 7ቱን የት ቦታ ነው ያበላሸው እሱን እይ፣ ስንት የሚለውን ሳይሆን የት የሚለውን። እኔ እንደምገምተው አብዛኛው ግማሽ ሜዳውን እንደተሻገረ ጥግ ላይ ነው። ኳሱን በ 10 ሰከንድ ውስጥ ማሻገር አለብህ ስለዚህ ትቸኩላለህ፣ ትሻገራለህ፣ እፎይ ስትል ሁለት ሰው ይመጣብሃል። የጎኑ መስመር ሶስተኛ ተከላካይ ነው፣ የግማሹ መስመር ደግሞ አራተኛ ነው ምክንያቱም ወደኋላ መመለስ አይቻልም። እዛ ጋ ድሪብሉን (ኳሷን ማንጠሩን) ካቆመ አለቀ። ከዛ ይዘላል፣ አየር ላይ ሆኖ ፓስ የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል፣ ሲወርድ ትራቭሊንግ ስለሆነ ዝም ብሎ ይወረውራታል፣ ያቺ ናት ሌይአፕ የምትሆነው።

የኛ ኮች መጥረጊያ ነበረው። የቤት መጥረጊያ! ረጅሙን እንጨት ይዞ ፊታችን ቆሞ እያወዛወዘ ፓስ አድርጉ ይለናል፣ መጀመሪያ ቀን አፍንጫዬን ነው ያገኘኝ። ግን ከሱ የተማርኩትን እስከዛሬ አልረሳሁም፣ በሁለት እግር ቁም፣ ወደ ላይ አሳይተህ ወደታች ስጥ፣ ቀርበህ አትስጥ ማዕዘን ፈልግ፣ ተቀባዩ ደግሞ ኳሷን እስክትደርስለት አይጠብቅ ይምጣላት። የሚረሳው ይሄ የመጨረሻው ነው። ከ 7ቱ ግማሹ ወረቀት ላይ በልጁ ስም ይጻፍ እንጂ ጥፋቱ መሀል ላይ ያልመጣለት ትልቁ ልጅ ነው፣ በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ።

እና ቁጥር ሲቆጠር፣ ሂሳብህ ልክ ነው ግን ለልጁ እንዲህ ብለህ ከነገርከው ሌላ በሽታ ነው የምታመጣበት። ኳስ እንዳላበላሽ ብሎ የሚጫወት ጋርድ ከሚያበላሸው በላይ ነው የሚጎዳው። ምንም አይሞክርም፣ ኳሷን ለጎን ሰጥቶ ይደበቃል፣ 30 ሰከንዱ ሊያልቅ ሲል አንዱ ሁለት ሰው እጅ ላይ ይመታል፣ ቦክስ ስኮር ላይ ተርንኦቨር ዜሮ! ኬትሊን ክላርክን እይ፣ በ 2024 አዮዋን የሴቶች ኮሌጅ ፍጻሜ ያደረሰችበት ዓመት በጨዋታ ከ 4 በላይ ታበላሽ ነበር፣ ግን 31.6 ነጥብ እና 8.9 አሲስት (ጓደኛ እንዲያገባ ያቀበለችው) ነበራት። ሁሉም ኳስ በሷ በኩል ሲያልፍ የተወሰነው መበላሸቱ የግድ ነው። ልጁ ስንት አሲስት እንዳለው ለምን አልጻፍክም?

ቁጥር ሲቆጠር

ሊያ ይሄን እቀበላለሁ ግን በግማሽ ነው። አለማበላሸት ማለት የግድ መፍራት ማለት አይደለም። አሰልጣኝ ቦ ራያን የነበረበት ዊስኮንሲን ኳስ ባለማበላሸት ከአገሩ አንደኛ ከሚባሉት ነበር፣ በ 2015 ፋይናል ፎር ላይ 38 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ያልተሸነፈውን ኬንታኪን 71 ለ 64 አሰናበተው እኮ። ይፈራ ነበር?

ሊያ 11

ሰባት ጫማ ሆኖ እንደ ጋርድ የሚያቀብልና ከሶስት የሚመታ ፍራንክ ካሚንስኪን ስጠኝና እኔም አላበላሽም 😂

ሂዩስተን ነዋሪ

ተርንኦቨር የሚለውን ቃል እዚህ ቤት ባትጠሩብኝ ደስ ይለኛል። ሚያዝያ 2025 ቁስሌ ገና አልዳነም። ሂዩስተን እኮ ዓመቱን ሙሉ ኳስ የማያበላሽ ቡድን ነበር፣ የኬልቪን ሳምፕሰን ልጆች ተግሳጽ የገባቸው ናቸው፣ ዱክን ከ 14 ነጥብ ኋላ ተነስተው አሸንፈው ነው ፍጻሜ የገቡት፣ ያውም ዱክ ከመስመር ያስገባውን ኳስ ጠልፈው። ፍሎሪዳን ደግሞ ከእረፍት በኋላ በ 12 እየመሩ ነበር። 46 ሰከንድ ሲቀር 64 ለ 63 ተበለጥን፣ ኳስ ያዝን፣ አበላሸን። 65 ለ 63 ሆነ፣ 19 ሰከንድ ቀረ፣ እንደገና ኳስ ያዝን። የኛው ሻርፕ ሶስት ሊመታ ዘለለ፣ የፍሎሪዳው ክሌይተን እየበረረ መጣበት፣ ልጁ አየር ላይ ሀሳቡን ቀየረና ኳሷን መሬት ላይ ለቀቃት። ከዛ በኋላ እሱ ራሱ ቢነካት ትራቭሊንግ ነው። እግሩ ስር ነጥራ ስትንከባለል ቆሞ እያያት ነበር፣ የኛዎቹም የነሱዎቹም እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ፣ ሁላችንም እያየናት፣ ከዛ የፍሎሪዳው ልጅ ተወርውሮ ወደቀባት።

አንድም ሙከራ ሳናደርግ! ቢስት እኮ ሳተ ነው፣ ሪባውንድ አለው፣ ፋውል አለው፣ ተስፋ አለው። ሳይሞክሩ መሸነፍን የመሰለ ነገር የለም። ሚስቴ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ከኩሽና ሮጣ ወጣች።

ስለዚህ የቦሌ ልጅ፣ ይጎዳል ወይ ላልከው፣ አዎ።

የቦሌ ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ጋሼ እርስዎን በተለይ፣ የጻፉትን ለእህቴ አነበብኩላት፣ ጆን ቶምሰን ማነው አለችኝና አቀፈው የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለች።

እሁድ ማታ ቤታቸው ሄጄ ከልጁ ጋር ቪድዮውን ከፈትነው። መጀመሪያ አላይም ብሎ ነበር። 19ኙን አንድ በአንድ በወረቀት ቆጠርን፣ 12ቱ ሕያው የተባለው ነው፣ 7ቱ ጨዋታው የቆመበት። ከ 12ቱ በኋላ ወዲያው 17 ነጥብ ገብቶብናል፣ ከ 7ቱ በኋላ 4 ብቻ። ቁጥር ሲቆጠር ልክ ነህ፣ ደብል ነው። አንዷማ ታስቃለች፣ የኛ ትልቁ ልጅ ሪባውንድ አንስቶ ቀና ሳይል ለነሱ ጋርድ ነው የሰጠው፣ ልጁ መጀመሪያ የሳቀው እሷ ላይ ነው፣ ፍሬድ ብራውን አልኩት፣ ማነው አለኝ፣ ነገርኩት።

ሊያ አንቺ ደግሞ ጠንቋይ ነሽ እንዴ? ልጁ ካበላሻቸው 7ቱ 4ቱ ያልሽው ቦታ ናቸው፣ ግማሹን ተሻግሮ ቀኝ ጥግ፣ አራቱም ላይ ድሪብሉን አቁሞ ዘሏል። በሁለቱ ላይ ደግሞ እውነትም መሀል ላይ ማንም የለም፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ቀድመው ቅርጫት ስር ሄደው ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ እንደ ታክሲ ጠሪ። ቪድዮውን እዛ ጋ አቁሜ ይሄ ያንተ ጥፋት አይደለም ስለው ‹‹ኮቹ ግን ለኔ ነው የሚናገረው›› አለኝ። ምን ልበለው። አሲስቱ 8 ነው ለካ፣ እኔ ያን አምድ አላየሁትም ነበር፣ ይቅርታ።

ከዛ እህቴ ዱለቱን አሞቀችው፣ በላ። መጥረጊያም ጠይቆኛል፣ የምሩን ነው፣ ጋራዥ ውስጥ አንድ አግኝተን ለግማሽ ሰዓት እኔ እያወዛወዝኩ እሱ በግድግዳው ላይ ሲያቀብል ነበር፣ አንዴ ጆሮውን አግኝቼዋለሁ።

ሊያ 11

ቀኝ ጥግ ነው ካልክ ሁሌ በቀኝ እጁ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ሌሎቹ ቡድኖችም ቪድዮ ያያሉ። ግራ እጁን፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ ጥርሱን ሲቦርሽም በግራ ይሁን በለው።

ጋሽ ፓርኪንግ

8 አሲስት ያለው ልጅ ነው እንዴ ዱለት ያስከለከላችሁት። የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው? ቅዳሜ ከሆነ እመጣለሁ፣ ሁለት የድሮ ጓደኞቼንም ይዤ። ፓርኪንግ በነጻ ነው ወይስ ያስከፍላሉ?